ቀዩ እስክርቢቶ በማን እጅ ይሁን?

አሶሳ አብረውኝ ያስተምሩ የነበሩ መምህራን በስልክ ባገኘኋቸው ቁጥር አንድ ጥያቄ ያነሱብኛል፦ «እዚያ የሦስተኛ ክፍል ልጅ የጻፈውን ራሱ ያርማል የምትይው እውነት ነው?» እውነት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ረዳት መምህርት ስለሆንኩ በየቀኑ አየዋለሁ። መልሱ ግን በስልክ አያልቅም። እዚህ የማየው ሁሉ ለአሶሳ አይበጅም፤ አሶሳ ያለውም ሁሉ የሚጣል አይደለም።

አገር ቤት የተለመደውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጁ «ትምህርት ቤቴ» ወይም «የክረምት ወራት» በሚል ርዕስ አንድ ገጽ ድርሰት ይጽፋል። ደብተር ይሰበሰባል። መምህሩ በቀይ እስክርቢቶ ያሰምርበታል፣ ያስተካክለዋል፣ ከአሥር ሰባት ይሰጠውና ይፈርምበታል። ደብተሩ ሲመለስ ልጁ የሚፈልገው ቁጥሩን ነው፤ ቁጥሩን ካየ የዚያ ድርሰት ነገር አበቃ። ስህተቱን ያገኘው መምህሩ፣ ያስተካከለውም መምህሩ ነው። ልጁ ምን ተማረ?

መምህሩን አልወቅስም። በሰልፍ ኮንቴይንድ አሠራር አንድ ሰው ሁሉንም ትምህርት ያስተምራል፤ መለኪያው በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው ቢባልም ከዚያ በላይ የሚታጨቁበት ክፍል ብዙ ነው። ያን ሁሉ ድርሰት አንዴ ማረም ራሱ ቅዳሜና እሑድን ይበላል። ፈተናውም አያግዘውም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንኳን ከተሰጡ ምርጫዎች መልስ የሚመረጥበት ነው፤ አንቀጽ ጻፉ አይልም። የማይፈተን ነገር ደግሞ ከክፍለ ጊዜው መጀመሪያ የሚቀነሰው ነው።

አሜሪካም ቢሆን ልጆችን የራሳቸውን ጽሑፍ ማሳረም ከጥንት የመጣ ልማድ አይደለም። የኒው ሃምፕሸር ዩኒቨርሲቲው ዶናልድ መሪ ጋዜጠኛ የነበረ ሰው ነው። ጋዜጠኛ የመጀመሪያ ረቂቁን እንደማያስረክብ ስለሚያውቅ፣ ማስተማር ያለብን ያለቀውን ጽሑፍ ሳይሆን የአጻጻፉን ሂደት ነው ብሎ እ.ኤ.አ. በ1972 ተከራከረ። ባልደረባው ዶናልድ ግሬቭስ ሐሳቡን ወደ ትንንሽ ልጆች አወረደው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመው መጽሐፍም በብዙ መምህራን እጅ ገባ። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2010 በተቀበለችው የጋራ የትምህርት መለኪያ ደግሞ የሁለተኛ ክፍል ልጅ በአዋቂና በጓደኛ እየታገዘ ጽሑፉን መከለስና ማረም እንዳለበት በግልጽ ተጽፏል።

እኔ ባለሁበት ክፍል ሥራው ሁለት ቦታ ይከፈላል፤ ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። ልጁ አንድ መስመር እየዘለለ ይጽፋል። ነገ ተመልሶ ያነበዋል፤ ለጓደኛውም ያነብለታል። ጓደኛው ስለ ፊደል አይናገርም፣ ያልገባውን ብቻ ይጠይቃል። በተዘለለው መስመር ላይ የጎደለው ይጨመራል፣ የተንዛዛው ይሰረዛል። ነጥብና ፊደል የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። አገር ቤት ግን ፊደሉ ይቀድምና ልጁ የሚናገረው ነገር ይኑረው አይኑረው ሳይታይ ይቀራል።

የምቃወመውም አለ። እዚህ ትንንሽ ልጆች እንደመሰላቸው እንዲጽፉ ይተዋሉ፤ መተዉ ደግ ነው፣ ነገር ግን አምስተኛ ክፍል ደርሰው ተራ ቃላትን የሚያፋልሱ አያለሁ። ኮምፒውተሩ ከስህተት በታች ቀይ መስመር ስለሚያሰምርላቸው ዓይናቸው መፈለግ ትቷል። የአሶሳ ልጅ በቃል ጽሕፈትና በእጅ ጽሕፈት የሚያገኘው ጥንካሬ እዚህ ብርቅ ነው።

ደግሞስ ጽሑፍን ተመልሶ ማየት ለእኛ አዲስ ነው? የቅኔ ተማሪ ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ደጋግሞ ያሰላስለዋል፣ ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም በጆሮው ሰምቶ ያርመዋል። ብራና ጸሐፊዎች የሳቱትን ፊደል በስለት ፍቀው፣ የዘለሉትን ከመስመሩ በላይ ወይም በኅዳጉ ይጨምሩ ነበር። በአሶሳ ዙሪያ ባሉ የበርታ መንደሮችም የቁርኣን ልጆች በእንጨት ሎህ ላይ ጽፈው፣ ለመምህራቸው አንብበው፣ ካለፉ በኋላ አጥበው ለሚቀጥለው ይዘጋጃሉ። በእነዚህ ቤቶች ጽሑፍ በጆሮ ይፈተናል። ዘመናዊው ክፍላችን የተወው ይህን ነው፤ ልጁ ድርሰቱን በድምፅ ሳያነበው ያስረክባል።

ጆሮ ስል ግን የቋንቋው ጉዳይ ይመጣል። በአሶሳ አንድ ክፍል ውስጥ በርታኛ አፉን የፈታ፣ አፋን ኦሮሞ የሚናገር፣ ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከወሎ መጥተው በቁጥር በሚጠሩ መንደሮች የሰፈሩ ቤተሰቦች ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የወሎዬው ልጅ «አያቴ ማንጎ ሸጠ» የሚለውን ሲያነብ አያቱ ሴት ከሆነች ጆሮው ወዲያው ይቆረቁረዋል። የበርታው ልጅ ግን ይህን ጆሮ ገና እየሠራው ነው፤ በደንብ ባልሰማው ቋንቋ ስህተት አድን ማለት ያለ መብራት መርፌ እንደማስፈለግ ነው። አሶሳ ባለችበት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በርታኛ፣ ጉሙዝኛና ሺናሽኛ በላቲን ፊደል ተቀርጸው ለትምህርት እንዲውሉ የተደከመው ለዚህ ነው። እነዚህ ቋንቋዎች በሚሰጡበት ክፍል ልጁ የመጀመሪያ እርማቱን በአፍ መፍቻው ይለማመድ፤ ልምዱን ወደ አማርኛ ይዞት ይመጣል።

ከእርማት በፊት ግን ንባብ አለ። በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ ክልሎች፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝን ጨምሮ፣ የንባብ ፈተና ተደርጎ ነበር። ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ለክፍላቸው ከተዘጋጀው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ የክልሉ መተከልና ካማሺ ዞኖች በግጭት ሲታመሱ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ማንበብ ያልቻለ ራሱን ሊያርም አይችልምና የምለው ሁሉ ንባብን ተከትሎ የሚሄድ ነው።

እንግዲህ አሶሳ ላይ ምን ይደረግ? የአሜሪካኖቹን የማረሚያ ዝርዝር መተርጎም አያዋጣም። የእነሱ መጀመሪያ የሚያሳስበው ትልቁ ፊደል ነው፤ እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም። ለአማርኛ እኔ የምጀምረው ከማሰሪያ አንቀጽ ነው። ልጁ አንዱን ጣት ባለቤቱ ላይ፣ ሌላውን መጨረሻ ያለው ግስ ላይ ያድርግ፤ ሁለቱን ብቻ ጮክ ብሎ ያንብብ። ሁለቱ ካልተስማሙ ያስተካክል። ቀጥሎ አራት ነጥቡን ይይ፣ ከዚያ ካዕብና ሣልሱን፣ ሣልስና ኃምሱን የቀላቀለበትን ይፈልግ። በሀ፣ ሐ እና ኀ የሦስተኛ ክፍል ልጅን አላስጨንቅም፤ አዋቂዎቹም አልተስማማንበትም።

እንዲህ ብሎ የጻፈ ልጅ አለ እንበል፦ «እኔ ቅዳሜ ከአያቴ ጋር ገበያ ሄድን ማንጎ ሸጠ»። በዴስኩ ያለው ጓደኛ «ማን ነው የሸጠው? ብሩንስ ምን አደረጋችሁበት?» ይለዋል። ልጁ ይመለሳል፦ «ቅዳሜ ከአያቴ ጋር ገበያ ሄድኩ። አያቴ ማንጎ ሸጠች። በብሩ ደብተር ገዛችልኝ።» ግሱ ተስተካከለ፣ ነጥቡ ገባ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ደብተሩ ታሪኩ ውስጥ ገባ። ቀይ እስክርቢቶ ያን ደብተር በጭራሽ አያመጣውም፤ መምህሩ አያውቀውምና።

ለዚህ አዲስ በጀት አያስፈልግም። በአንድ ዴስክ ሦስት ልጆች መቀመጣቸው ብዙ ጊዜ እንደ ችግር ይነሳል፤ ለዚህ ሥራ ግን ለአንዱ አንባቢ ሁለት አድማጭ ማለት ነው። የአንድ ለአምስት የተማሪዎች ቡድን ባለበት ደግሞ እሱም ድርሰት የሚሰማበት ቢሆን ጥቅም ይኖረዋል። መምህሩ ሁሉንም ደብተር አይሰብስብ፤ በየሳምንቱ የተወሰኑትን ወስዶ ይይ፣ ሌሎቹ ተራቸውን ይጠብቁ። ወረቀት ውድ ስለሆነ እንደገና መገልበጥ አይጠየቅ፤ መስመር መዝለሉ ይበቃል።

የመጨረሻው ነገር ማርክ ነው፤ ልጆቻችን ማርክ ያለበትን ይሠራሉና። ተከታታይ ምዘናው በመምህሩ እጅ ነው። ከአሥሩ አምስቱ ለመጀመሪያው ጽሑፍ፣ አምስቱ ልጁ በራሱ እስክርቢቶ ላደረገው ለውጥ ይሰጥ። ስርዝ ድልዝ የበዛበት ገጽ ስለ ንጽሕና የሚቀነስበት ቀርቶ ስለ ሥራው የሚጨመርለት ይሁን። መስከረም ላይ አንድ ክፍል ቢሞክረው፣ ከሰኔ በፊት የልጆቹን ደብተሮች ፎቶ አንስታችሁ ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል።