ቀልብ ሰብስቡ ለተባልን ሠራተኞች

ለወሎ ሰው ቀልብ መሰብሰብ አዲስ ትምህርት አይደለም። ዱዓው፣ ጸሎቱ፣ ከአቦል እስከ በረካ የሚቆየው ቡና ምን ሆነና! ሰሞኑን ግን «ማይንድፉልነስ» በሚል ስም ተመልሶ መጥቶልናል፣ ያውም ለሥራ ጫና መድኃኒት ተብሎ።

ዘዴው ባዶ ነው አልልም። ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሲጀምረው ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ታካሚዎች ነበር፤ ሥልጠናውም 8 ሳምንት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ 47 ሙከራዎችን የመረመረ ግምገማም ጭንቀትንና ድብርትን በመጠኑ እንደሚያቀል አሳይቷል።

ነገሩ የሚበላሸው መሥሪያ ቤት ሲገባ ነው። የኦክስፎርዱ ዊልያም ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተመው ጥናት በብሪታኒያ 233 ድርጅቶች ያሉ 46,336 ሠራተኞችን ተመለከተ። እንዲህ ያለውን ሥልጠና የወሰዱት ካልወሰዱት ተሽለው አልተገኙም። ለየት ያለ ውጤት የታየው በጎ ፈቃድ ሥራ በሠሩት ላይ ነው። (ጥናቱ በመጠይቅ የተሠራ ስለሆነ የመጨረሻ ቃል ነው አይባልም። ቢሆንም ቁጥሩ ቀላል አይደለም።)

እኔም እዚህ መካነ ሰላም የግማሽ ቀን ሥልጠና ወስጃለሁ። ዓይናችንን ጨፍነን ትንፋሻችንን ተከታተልን። አልዋሽም፣ ደስ ይላል። ከጎኔ የነበረው ባልደረባዬ እንቅልፍ ወስዶት አንኮራፋ፤ ከሁላችንም የተጠቀመው እሱ ሳይሆን አይቀርም። «ጥያቄ ካለ» ሲባል አንዲት ነርስ ተነሥታ «የተረኝነት ክፍያችን መቼ ነው የሚገባው?» አለች። አሠልጣኙ ምን ይበል? ከርዕሱ ውጭ ነው አላት።

እኔ እስከሚገባኝ ርዕሱ እሱ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2019 የሥራ መታከትን ሲተረጉም ምንጩ በአግባቡ ያልተያዘ የሥራ ቦታ ጫና ነው ብሏል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከማቆም ሲደርሱ የጠየቁት ደመወዝ ነው፤ ትንፋሽ መቁጠር አስተምሩን ያለ አልሰማሁም።

ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ጦርነቱ አለ። መንገድ በተዘጋ፣ ስልክ በተቋረጠ ቁጥር ቤተሰቡ ምን ሆኖ ይሆን እያለ የሚያድረው ሠራተኛ ጭንቀቱ ከአስተሳሰቡ የመጣ አይደለም። በቡናው ላይ እንዲህ ያለውን ስትናገር የሰማህ ሰው ተነሥቶ አንድ ነገር ያደርጋል፣ ቢያንስ መልእክት ያደርስልሃል። በሥልጠናው አዳራሽ ግን እያንዳንዱ ከራሱ ትንፋሽ ጋር ብቻውን ነው።

ስለዚህ ኃላፊዎች ሆይ፣ ሥልጠናው ይቅር አልልም። ከሚቀጥለው ዙር በፊት ግን ለአበሉ የያዛችሁትን ብር ቁጠሩና ለነርሷ ቀኑን ንገሯት።