ዕውቅና ከንባብ ሲጀምር

በከፍተኛ ትምህርት ዓለም ዕውቅና የሚባለው፣ አንድ ተቋም አስተምራለሁ ያለውን በእርግጥ ማስተማሩን ከተቋሙ ውጭ ያለ አካል መርምሮ የሚሰጠው ምስክርነት ነው። በኢትዮጵያ ይህ ኃላፊነት በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 351 ለተቋቋመው የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ተሰጥቶ ቆይቶ፣ ዛሬ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እጅ ይገኛል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለብዙ ዓመታት የታዩት በጥራት ኦዲት፣ ማለትም ተቋሙ ስለራሱ ያዘጋጀውን የግምገማ ሰነድ የውጭ ባለሙያዎች ቦታው ድረስ መጥተው በሚያመሳክሩበት አሠራር ነበር። ኦዲቱ ከአስተዳደርና ከመሠረተ ልማት አንሥቶ እስከ ምሩቃን ውጤት ድረስ 10 የትኩረት መስኮችን ስለሚያካትት፣ ተማሪው ምን ቻለ የሚለው ጥያቄ ከብዙዎቹ መካከል አንዱ ብቻ ሆኖ፣ ስለ ሕንፃና ስለ መመሪያ በሚቀርበው የሰነድ ክምር ውስጥ በቀላሉ ይሰወራል።

ያን ጥያቄ ወደ ፊት ያወጣው ፈተና ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት ተፈታኞች ለ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ ለ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ የተሰጠውን የመውጫ ፈተና ያለፉት፣ የመንግሥትና የግል ተቋማት ተፈታኞች አንድ ላይ ሲቆጠሩ፣ 40.65 በመቶ ያህሉ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ በእነዚህ በሁለቱ በሮች መካከል የሚገኝ ቤት በመሆኑ፣ መማርን ለማሻሻል የሚያወጣው ዕቅድም በመግቢያው በር የተቀበለውን ተማሪ ትክክለኛ አቅም ሳያውቅ ስለ መውጫው ሊናገር አይችልም።

ለእንዲህ ያለ ዕቅድ አንድ ምሳሌ ከውጭ አገር አለ። በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ኮሌጆችን የሚመረምረው ኮሚሽን በየ10 ዓመቱ ዕውቅና ሲያድስ፣ እያንዳንዱ ተቋም ከተማሪዎቹ ትምህርት ጋር የተያያዘ ጉዳይ መርጦ በዚያ ላይ የማሻሻያ ዕቅድ እንዲያቀርብ ሲጠይቅ ቆይቷል። ከዚህ አሠራር ሊወሰድ የሚገባው አንድ ጉዳይ መምረጡ ነው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ግን የሥራ ሂደት ለውጥ፣ የ1ለ5 አደረጃጀት፣ የሞዱላር ሥርዓተ ትምህርትና ተከታታይ ምዘና እየተከታተሉ መጥተዋል፤ እያንዳንዳቸው ሁሉን በአንድ ጊዜ ለማስተካከል በመነሣታቸው፣ ተከታታይ ምዘና እንኳ፣ መምህሩ የተማሪውን ችግር በጊዜ አውቆ የሚያርምበት መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ፣ በብዙ ቦታ የትናንሽ ፈተናዎች ብዛት ሆኖ ቀረ።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢዎች ላሉት ለወሎ ዩኒቨርሲቲ አንድ ጉዳይ ይመረጥ ቢባል፣ ከሁሉ የሚቀድመው የመማሪያ መጽሐፍ ንባብ ነው፤ ይኸውም በእንግሊዝኛ የተጻፈን የሙያ ጽሑፍ አንብቦ፣ ሐሳቡን ለይቶ፣ በራስ አገላለጽ የማስረዳት ችሎታ ነው። ተማሪው በአማርኛ ሲያስብ ኖሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትምህርቱን በእንግሊዝኛ መቀበል ሲጀምር፣ ገጹን ከመረዳት ይልቅ መሸምደድን ይለምዳል፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባም መጽሐፉን ትቶ በሃንድአውትና በስላይድ ይመረቃል። ደሴ ላይ የጤና ተማሪው የሕክምና መመሪያን፣ ከሐረጎ ቁልቁለት በታች ደግሞ የኮምቦልቻው የቴክኖሎጂ ተማሪ በከተማው ፋብሪካዎች የሚጠብቀውን የማሽን መመሪያ ማንበብ ስላለባቸው፣ ሁለቱን ግቢዎች በእውነት የሚያገናኝ ጉዳይ ይህ ነው።

ለዚህ ሐሳብ ወሎ የራሱ ሥር አለው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያደራጁት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በመጻሕፍቱ የታወቀ የትምህርት ማዕከል ነበር፤ በሸህ ሙሐመድ ሻፊ የተመሠረተው ጀማ ንጉሥም እንዲሁ የእስልምና ትምህርት መዲና ሆኖ ኖሯል። በእስልምናው ትምህርት ኢጃዛ የሚባለው ቃል በዐረብኛ ፈቃድ ማለት ሲሆን፣ ደረሳው፣ ማለትም ተማሪው፣ አንድን ኪታብ በሸሁ ፊት አንብቦ መረዳቱ ሲረጋገጥ የሚሰጠው ምስክርነት ነው። ኢጃዛ ለሕንፃ አይሰጥም፤ የሚሰጠው ለአንባቢው ነው፤ የሚመሰክረውም ንባቡን በጆሮው የሰማው መምህር ነው። ዛሬ ባለሥልጣኑ ከሚጠይቀው የመማር ማስረጃ ጋር ሲነጻጸር፣ ይህ ጥንታዊ ልማድ ከብዙ የቅጽ ዓይነቶች ይልቅ ለጉዳዩ ይቀርባል።

የንባብ ዕቅዱ በሥራ ላይ ሲውል መነሻ ልኬት ያስፈልገዋል። መነሻ ልኬት ማለት ለውጡ ከመጀመሩ በፊት ያለው አቅም የሚመዘገብበት ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል ከመማሪያ መጽሐፉ አንድ ገጽ መርጦ፣ አዲስ ገቢው አንብቦ የተረዳውን እንዲጽፍ ያደርጋል፤ በሦስተኛ ዓመት ተመሳሳይ ክብደት ያለው ሌላ ገጽ ይሰጠዋል፤ ሁለቱም ጽሑፎች ስም ሳይያዝባቸው በሌላ ትምህርት ክፍል መምህራን ይታረማሉ። ይህ ሥራ የመምህሩን ጊዜ ስለሚወስድ፣ ሴኔቱ በሥራ ድርሻው ውስጥ ካልቆጠረለት ዕቅዱ በመጀመሪያው ሴሚስተር ያልቃል። መጽሐፍም ያስፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ተይዘው እስከ ኅዳር 27 በቆዩበት ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ከፍተኛ ዝርፊያና ውድመት ስለደረሰበት፣ ስለ ንባብ የሚወጣ ማንኛውም ዕቅድ በበጀቱ ውስጥ ቤተ መጻሕፍቱን ከቤተ ሙከራው እኩል ሊያስቀምጥ ይገባዋል።

ልኬቱ ግን ግቢ ውስጥ ብቻ ሊቀር አይገባም። ከኮምቦልቻ በስተደቡብ፣ በአዲስ አበባው መንገድ ላይ፣ በቃሉ ወረዳ ቆላ የምትገኘው ሐርቡ ለዩኒቨርሲቲው ቅርብ ጎረቤት ናት። በሐርቡ 9ኛ ክፍል የሚማረው ልጅ ከአራት ዓመት በኋላ የሚመደብበት ዩኒቨርሲቲ ሌላ ክልል ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም የሚጠብቀው ገጽ ተመሳሳይ ነው። ትምህርት ክፍሎቹ የመረጧቸው ገጾች የማኅበረሰብ አገልግሎት አካል ሆነው በየዓመቱ መስከረም ላይ ለሐርቡ መምህራን ቢደርሱ፣ መምህራኑ ከተማሪዎቻቸው ጋር አንብበው የትኛው አንቀጽ እንዳስቸገራቸው ለግቢው መልሰው ሊጽፉ ይችላሉ።