ደረቴ ውስጥ ያለው ሰዓት

ሰሃላ ያስተማርኳችሁ ልጆች ታስታውሱ ይሆናል። ፈተና ላይ ክፍሉ ጸጥ ሲል አንዳችሁ «ቲቸር፣ ሰዓትዎ ይጮኻል» አላችሁኝ። ሰዓት አላሰርኩም ነበር። ስቄ አለፍኩት። ዛሬ ልንገራችሁ፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ልጅ ሆኜ ጉሮሮዬን እየደጋገመ ያመኝ ነበር። በእኛ አገር መፍትሔው እንጥል ማስቆረጥ ነው፤ እኔም ተቆረጥኩ። ከዚያ ጉልበቴና ቁርጭምጭሚቴ አበጠ። «ብርድ ነው» ተባለ፣ በቅቤ ታሸሁ፣ ለቀቀኝ። ልቤን ግን አልለቀቀውም ኖሯል። ከዓመታት በኋላ ዳገት መውጣት አቃተኝ፣ ተጋድሜ መተንፈስ ተሳነኝ። የጉሮሮው ሕመም የልቤን በር አበላሽቶታል አሉኝ። አዲስ አበባ ተወስጄ በሩ በሰው ሠራሽ ተቀየረ። «የብረት» እንለዋለን እንጂ በአብዛኛው ከካርቦን የሚሠራ ነው። የሰማችሁት ድምፅ የእሱ ነው፤ ሲከፈትና ሲዘጋ።

ችግሩ ደም እንዲህ ያለ በር ላይ ሊረጋ ይችላል። የረጋው በሩን ሊዘጋ ወይም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን መዋጥ ግድ ነው። መጠኑ የሚታወቀው አይ ኤን አር በሚባል የደም ምርመራ ነው። መድኃኒቱን የማይወስድ ጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ነው፤ የእኔ ከ2.5 እስከ 3.5 እንዲሆን ነው የታዘዘልኝ። ሲያንስ ደሜ ይረጋል፣ ሲበዛ እደማለሁ። ለምርመራው ደግሞ ሰቆጣ ድረስ መሄድ አለብኝ።

አንድ ክረምት ሆዴን አመመኝ። «አሜባ ነው» ብዬ ራሴው ፍላጂል ገዝቼ ዋጥኩ። ወገቤንም ስላመመኝ ዲክሎፌናክ ጨመርኩበት። የዋርፋሪን ካርዴ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ለሸጠልኝ ልጅ አላሳየሁትም። ፍላጂል ዋርፋሪን ከሰውነት ቶሎ እንዳይወጣ ያደርጋል፤ ዲክሎፌናክ ደግሞ ጨጓራን ያቆስላል። በሳምንቱ ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ደማ። ክንዴ ላይ ሳልመታ በለዘ። ናቅኩት። ቀጥሎ ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቆረ፣ ስነሳ ዓይኔ ጨለመ።

አይሱዙ ላይ ተጭኜ ሰቆጣ ደረስኩ። እናቴ መንገዱን ሙሉ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ ይዛ «ልጄ፣ ድምፁ አለ? አለ?» እያለች ደረቴ ላይ ጆሮዋን ታስጠጋለች። ቁጥሬ ከ8 በላይ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ሁለት ሞት መሃል ቆሞ ነበር፤ ደሙን ካላቆመው መድማቱ ይገድለኛል፣ ከልክ በላይ ካረጋው በሩ ይዘጋል። በጥንቃቄ፣ ቀስ እያለ መለሰኝ።

ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የእኔ ነው። ሌሎችን የማስተምር ሰው ካርድ ማሳየት አፍሬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር ይዣለሁ። ክኒኔን በየቀኑ በአንድ ሰዓት እውጣለሁ። ጎመን አልተውኩም፤ ቫይታሚን ኬ ስላለው የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀንሳል፣ ስለዚህ ጾምም ሆነ ፍስክ መጠኑን እኩል አደርጋለሁ። በጾም አብዝቶ በፍስክ መተው ነው ቁጥሩን የሚያናጋው። ሦስተኛ፣ ፋርማሲም ሆነ ጤና ጣቢያ ስገባ ከሰላምታዬ ቀጥሎ «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» እላለሁ። እህቶቼ፣ ለእናንተ አንድ ይጨመራል፦ መድኃኒቱ ጽንስን ስለሚጎዳ ከማርገዛችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ግን በራሳችሁ አታቁሙት።

ይህን የጻፍኩት ትናንት አንዷ የድሮ ተማሪዬ «ልጄን ጉሮሮዋን አሟት እንጥሏን ልናስቆርጥ ነው» ስላለችኝ ነው። እባክሽ፣ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። በጊዜው የተሰጠ ፔኒሲሊን እኔ የሄድኩበትን መንገድ ሊያስቀርላት ይችላል። ልጅሽ ደረት ውስጥ ሰዓት እንዲጮህ አልፈልግም።

ሰላም እደሩ።