ነዳያንን በኅብረት ስለ መርዳት

መንግሥት ሆስፒታል ሊያሠራ፣ መድኃኒት ሊገዛ፣ ሐኪምም ሊቀጥር ይችላል፤ ሕመምተኛው ግን የተሰጠውን መድኃኒት አምኖ እንዲውጥ የሚያደርገውን የልብ ፈቃድ በዐዋጅ ሊያስገኝ አይቻለውም። ለዚህ የእንጦጦ ማርያም ጠበል ታሪክ በቂ ምስክር ነው።

የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መታደል ሲጀምር፣ ፈውስ ፍለጋ ወደ እንጦጦ ከወጡት ሕሙማን ብዙዎቹ መድኃኒት መዋጥ በጠበሉ ኃይል አለማመን መስሎ ስለ ታያቸው፣ የጀመሩት ያቋርጡት፣ ያልጀመሩትም ይሸሹት ነበር። የጤና ባለሙያ ቢመክራቸውም ምክሩ ከሃይማኖታቸው ውጭ የመጣ ስለ መሰላቸው አልተቀበሉትም። በ1999 ዓ.ም. ግን በጊዜው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፣ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ናቸውና አንዱ ሌላውን አይከለክልም ብለው በይፋ ባስተማሩ ጊዜ፣ በእምነቱና በሕይወቱ መካከል የተጨነቀው ምእመን ሁለቱንም ይዞ የሚሄድበት መንገድ ተከፈተለት። ቃላቸው ተሰሚነት ያገኘው የመንግሥት መመሪያ ስለሆነ አይደለም፤ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑ ከመጽሐፈ ሲራክ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን የታወቀ ትምህርት በመሆኑ ነው እንጂ።

የዕድርም ነገር እንዲሁ ነው። ሙታንን ለመቅበርና ሐዘንተኛን ለማጽናናት የተቋቋመው ይህ ማኅበር፣ በዚያ መቅሠፍት ዘመን በብዙ ሰፈር ሕሙማንን ወደ መጠየቅና እናት አባት የሌላቸውን ሕፃናት ወደ መደገፍ የተሻገረው፣ አባላቱ የራሳቸው ንብረት መሆኑን ስለሚያምኑ ነው። የ2001ም ሆነ የ2011 ዓ.ም. የሲቪል ማኅበራት ዐዋጆች ዕድርንና የሃይማኖት ተቋማትን ከወሰናቸው ውጭ መተዋቸው፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ የሚመሰገን ነው። የዕድሩ ዳኛ የቀበሌ መልእክተኛ መስሎ የታየ ዕለት፣ መንግሥት ሊጠቀምበት የፈለገው አመኔታ በዚያው ይጠፋልና።

ይሁን እንጂ ግዴታው ጣልቃ እንዳይገባ በሚጠበቅበት በመንግሥት ወገን ብቻ የሚቀር አይደለም፤ ነዳያንን ለመርዳት የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋምም የራሱ ግዴታ አለበት። የመንግሥት ገንዘብ ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም የተሰበሰበ ግብር ስለሆነ፣ ይህን ገንዘብ የተቀበለ ደብር ወይም መስጊድ ነዳዩን ማተብ በማሰሩ ወይም ባለማሰሩ ሊለየው አይገባውም። ሒሳቡንም በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም ማቅረብ ይጠበቅበታል፤ በዚህ ረገድ ገቢና ወጪውን በአባላት ጉባኤ ላይ የሚያስነብብ ዕድር ለቤተ መንግሥቱም ለቤተ ክህነቱም መምህር ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ወረዳው ከእንዲህ ያሉ ማኅበራት ጋር ውል በሚያስርበት ጊዜ፣ ማን ምን እንደሚያዋጣ፣ ሒሳቡን ማን እንደሚመረምር፣ ማንም ችግረኛ በእምነቱ ምክንያት እንደማይመለስ በግልጽ ይጻፍ፤ ስብከቱና የማኅበሩ አመራር ግን ለባለቤቶቹ ይተው። በየሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ውል ካለ፣ ከእነዚህ የትኛው እንደ ተጻፈና የትኛው እንደ ተዘነጋ ጠይቁ።