የሐዘን ካርታና የጎረቤት በር

ካርታ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ወንዝና ተራራ የሚያሳየው ትልቅ ወረቀት ነው። ዛሬ የማነሣልዎ ግን ሌላ ዓይነት ካርታ ነው፤ ይኸውም በከተማ ውስጥ የገዛ ሕይወታቸውን የሚያጠፉ ሰዎች በየትኛው ሰፈር እንደሚበዙ የሚያሳይ። ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ በቡና ሰዓት የሚነሣ አይደለም። ይሁንና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. ብቻ ከ720 ሺህ በላይ ሰዎች በዚህ ሁኔታ መሞታቸውን፣ ከእነዚህም ከአራቱ ሦስቱ ያህል እንደኛ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ እንደነበሩ ሲገልጽ፣ የቤት እመቤቷም ሆነች የፋብሪካ ሠራተኛዋ እንዳልሰማች የምታልፈው ነገር አይመስለኝም።

በሽታን በካርታ ላይ መከታተል የቆየ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ኮሌራ ሰው ሲፈጅ፣ ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም የሟቾቹን ቤት አንድ በአንድ ምልክት አድርጎ ቢያይ፣ ምልክቶቹ በአንድ የውሃ መቅጃ ዙሪያ ተሰብስበው ተገኙ። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ በዚያው በለንደን ፒተር ሴንስበሪ የተባለ የአእምሮ ሐኪም፣ አሟሟትን የሚመረምሩ ሹማምንት የያዙትን መዝገብ አገላብጦ፣ ሕይወታቸውን ያጠፉት ሰዎች በየትኛው የከተማው ክፍል ይኖሩ እንደነበር አጠና። መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1955 ዓ.ም. ነው።

እርስዎ ቢሆኑ ምን ይገምታሉ? ድህነት የበረታበት ሰፈር ይብሳል ይሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያው ነበር የገመትሁት። ዳሩ ግን ሴንስበሪ ያገኘው ውጤት ሌላ ነው። ቁጥሩ ከፍ ብሎ የተገኘው ድሆች በተፋፈጉበት ሳይሆን፣ የሚከራይ ክፍል በበዛበት፣ ተከራዩ ዛሬ ገብቶ ነገ በሚወጣበት፣ ብቻውን የሚኖር ሰው በበረከተበት አካባቢ ነው። ከኪስ ባዶነት ይልቅ ከሰው መነጠል የበለጠ ጎልቶ ታየ ማለት ነው።

ይህን ሳነብ ሐሳቤ የሄደው ወደ እኛው ኮንዶሚኒየም ነው። ጀሞ፣ አያት፣ ቱሉ ዲምቱ የደረሳችሁ ታውቁታላችሁ። ቤቱ መልካም ነው፤ ውሃው ሲመጣ ደግሞ የበለጠ መልካም ነው። ነገር ግን በቀድሞው ግቢ አንድ ሰው ሁለት ቀን ካልታየ በሩ ይንኳኳ ነበር፤ ዕድሩም፣ ዕቁቡም፣ ቡናውም እዚያው ነበር። አንድ ማታ ወረቀትና እርሳስ ይዤ የመግቢያችንን ሃያ በሮች ሣልሁና ነዋሪውን በስሙ የማውቀውን በር ምልክት አደረግሁ። ሰባት ሆነ። ባለቤቴ ስድስት ነው ያለው፤ አንደኛው ተከራይ ለካ ለቆ ሄዷል።

እንግዲህ ካርታን አለልክ ማመንም አይገባም። ካርታ ስለ ሰፈር እንጂ ስለ ሰው አይናገርም፤ ቁጥር በበዛበት ሰፈር የሚኖር ሁሉ በአደጋ ላይ ነው፣ ባነሰበት የሚኖር ሁሉ ደኅና ነው አያሰኝም። ጥቂት ሰው በሚኖርበት ቀበሌ ደግሞ የአንድ ሰው መሞት መጠኑን ሰማይ ስለሚያደርሰው፣ ባለሙያዎቹ የብዙ ዓመት መዝገብ ይደምራሉ፤ አጎራባቹንም አካባቢ አብረው ያያሉ። ከዚህም ሌላ እንዲህ ያለ ካርታ በጋዜጣ ገጽ ላይ የሚወጣ አይደለም። ቦታውንና አኳኋኑን መዘርዘር በጭንቀት ላይ ላለ ሰው መንገድ እንደ ማሳየት ስለሚቆጠር፣ ሰፈሩንም ስም ስለሚያሰጠው፣ ዝርዝሩ ጤና ጣቢያ በሚያቅዱትና ሐኪም በሚመድቡት ሰዎች እጅ ሊቆይ ይገባዋል።

ሁለት ዓይነት ካርታ እንዳለም ልብ ይበሉ። አንዱ ሰዎቹ የት ይኖሩ እንደነበር፣ ሌላው ነገሩ የት እንደተፈጸመ ያሳያል። የመጀመሪያው ሐኪምና አማካሪ የት እንደሚያስፈልግ ሲጠቁም፣ ሁለተኛው አጥርና ጠባቂ የት እንደሚያስፈልግ ይነግራል። በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ በሚገኘው ተንጠልጣይ ድልድይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. አጥር ቢሠራ፣ በዚያ የሚሞተው ሰው ቁጥር በግማሽ ቀነሰ። «ታዲያ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳላ!» የሚል አይጠፋም። በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ከሚገኘው ትልቅ ድልድይ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1971 ዓ.ም. ተይዘው የተመለሱ 515 ሰዎችን ሪቻርድ ሳይደን የተባለ ተመራማሪ ተከታትሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. ውጤቱን አሳትሟል። ከመቶው ከዘጠና የሚበልጡት ወይ በሕይወት ነበሩ፣ ወይ በሌላ ምክንያት ነበር የሞቱት። የቆረጠ ሰው አይመለስም የሚለው አባባላችን ትክክል አይደለም። ብርቱው ሰዓት ያልፋል። ስለዚህም ነው ቤት ውስጥ መድኃኒትንና የተባይ መርዝን ቆልፎ ማስቀመጥ ለሕፃናት ብቻ ያልሆነው።

በእኛው ሕንፃ የምትኖር አንዲት የሁለት ልጆች እናት አለች። ባሏ ለሥራ ርቆ ሄዷል። ባለፈው ዓመት ምግብ ትታ፣ ከሰው ሸሽታ፣ ዕቃዋን ለሰው ማደል ጀመረች፤ «ልጆቼን አደራ» ማለትም አበዛች። ቀድማ ልብ ያለችው ደረጃችንን የምታጸዳው ሴት ነበረች። ዙሪያውን አልዞረችም። «እኅቴ፣ ራስሽን ለማጥፋት እያሰብሽ ነው እንዴ?» ብላ ፊት ለፊት ጠየቀቻት። እንዲህ ብሎ መጠየቅ ያላሰበችውን ማሳሰብ ነው ብለው የሚፈሩ አሉ፤ ባለሙያዎች ግን ጥያቄው ሐሳቡን እንደማይፈጥር፣ እንዲያውም እፎይታ እንደሚሰጥ ያስረዳሉ። ሴትየዋም አለቀሰች፤ ከዚያም ተናገረች። እኅቷ እስክትደርስ ተራ ገብተን ብቻዋን አልተውናትም። በማግስቱ አማኑኤል ሆስፒታል ወሰድናት፤ ዛሬም ክትትሏን አላቋረጠችም።

ይህች ሴት በየትኛውም ካርታ ላይ የለችም። የሞተ ብቻ የሚቆጠር ከሆነ የተረፈው አይታይም፤ የሞተውም ቢሆን በትክክል አይቆጠርም። በአገራችን ሞትን ጨምሮ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ይካሄዳል። ቤተሰብ ግን የሰው አፍ እየፈራ፣ የፍትሐቱም ነገር እያሳሰበው «ድንገተኛ ሕመም ነው» ብሎ ያስመዘግባል። ሐዘንተኛን በዚህ መውቀስ አይቻለኝም። ሆኖም እውነተኛው ምክንያት ካልተጻፈ አማካሪ የትኛው ወረዳ እንደሚመደብ ማን ያውቃል?

እርስዎም የተጨነቀ ሰው ይዘው ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ለሐኪሙ የሆነውን ሳይደብቁ ይንገሩት፤ ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። መዝጋቢዋም አድራሻ ስትጠይቅዎ «አያት» ብለው አያብቁ። ወረዳውን፣ የሕንፃውን ቁጥር፣ የቤቱንም ቁጥር ያስጽፉ።