ሁሉን ዋጭ ማዳበሪያ

እኛ ፕሮግራም እየጻፍን እንጀራ የምንበላ ልጆች ነን። ሰሞኑን እጃችን የገባው ሥራ ሌሎች ጽፈውት የሄዱ የአንድ ክሊኒክ የካርድ ክፍል ፕሮግራም ነው፤ በጃቫ የተጻፈ። የሕፃኑ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ክብደት፣ የእናት ስልክ፣ ሁሉም ኦብጀክት የተባለውን ማንኛውንም ነገር በሚቀበል አንድ ስብስብ ውስጥ ታጭቀዋል። እኛ «ማዳበሪያው» እንለዋለን። ጤፍ ቢጨምሩበት ዝም፣ ከሰል ቢጨምሩበት ዝም።

ጉዱ የሚወጣው ሲያወጡ ነው። ክብደቱን የሚያወጣው ኮድ «ቁጥር ነው» ብሎ ይምላል። አንዱ ክፍል 12ን በፊደል አስገብቶት ከሆነ ፕሮግራሙ ክላስ ካስት ኤክሴፕሽን ብሎ ዘጭ ይላል። የሚወድቀውም ኮዱን በጻፈው ሰው ፊት አይደለም፤ እናት ልጇን አዝላ መስኮቱ ጋ ስትቆም ነው።

ጃቫ ራሱ ለዓመታት በማዳበሪያ ነው የኖረው። እ.ኤ.አ. በ2004 ጃቫ 5 ጀነሪክስን ይዞ ሲመጣ ኮምፓይለሩ በር ላይ የሚፈትሽ ዘበኛ ሆነ፤ «ይህ ዝርዝር ፊደል ብቻ ይይዛል» ካሉት ሌላ አያስገባም። ለምስር ከረጢት ግሩም ነው። የሕመምተኛ ካርድ ግን ምስር ብቻ አይደለም፤ ፊደልም ቁጥርም ቀንም አለበት።

መላውን ያገኘነው ጆሹዋ ብሎክ ኢፌክቲቭ ጃቫ በሚለው መጽሐፉ ካስረዳው ዘዴ ነው። ዓይነቱን ከረጢቱ ላይ አትጻፉት፣ ቁልፉ ላይ ጻፉት ይላል ነገሩ ባጭሩ። የክብደት ቁልፍ ቁጥር ብቻ ያስገባል፣ ቁጥር ብቻ ያወጣል። የስም ቁልፍ ፊደል ብቻ። ከረጢቱ አንድ፣ ዘበኛው ግን በየቁልፉ። ጀነሪክስ ከድሮው ኮድ ጋር እንዲስማማ ተብሎ ፕሮግራሙ ሲሮጥ ዓይነቱ ስለሚጠፋ፣ ቁልፉ የክላሱን ማንነት ይዞ ይዞራል፤ እንደ መታወቂያ። ክላሱን ራሱን ቁልፍ ማድረግም ይቻላል፣ ግን ያኔ ከአንድ ዓይነት አንድ ብቻ ነው የሚገባው። የትውልድ ቀንና የቀጠሮ ቀን ይጋጩብናል። ስለዚህ የኛ ቁልፍ ስምም ዓይነትም አለው።

(ከመሃላችን አንዱ «መስኮቹ ከታወቁ ተራ ክላስ ጽፋችሁ አትገላገሉም?» አለ። እውነቱን ነው፤ ቢታወቁ ኖሮ እንገላገል ነበር። ክሊኒኩ ግን በየጊዜው አዲስ መስክ ይጨምራል።)

እስካሁን ያወራነው ስለሚጮኽ ስህተት ነው። የሚጮኽ ደግ ነው፣ ሰው ይሰማዋል። ያስፈራን ዝም የሚለው ነው። አንድ ካርድ ላይ የትውልድ ቀን «5/1/2012» ይላል። በእኛ መስከረም 5 ቀን 2012 ነው፤ በፈረንጅ ካነበቡት ጥር መግቢያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. 2012። ሁለቱም ያለ ቀን ናቸው። በመካከላቸው ግን 7 ዓመት ከ8 ወር አለ። ፕሮግራሙ አይወድቅም፣ ዕድሜውን አስልቶ ለሐኪሙ ያቀርባል። መድኃኒት የሚታዘዝለት ልጅ በወረቀት ላይ ሌላ ልጅ ሆነ ማለት ነው።

ቁልፉ «ፊደል» ይል ከነበረ ዘበኛው እዚህ ምንም አይረዳም፤ ሁለቱም ፊደል ናቸውና። ስለዚህ የእኛ ቀን የራሱ ዓይነት፣ የፈረንጁም የራሱ ዓይነት ሊኖረው ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ከጃቫ 8 ጋር የመጣው የቀን ቤተ መጻሕፍት የጃፓን፣ የታይላንድ፣ የታይዋንና የሒጅራ አቆጣጠር አለው። የእኛ የለውም። (ተከፋን፣ አልዋሽንም።) ደግነቱ ስሪቴን ኤክስትራ የሚባለው ተጨማሪ ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያን ቀን ከነጳጉሜው ይዟል፤ ከዚያ ወሰድን።

የድሮዎቹ ካርዶች ቀሩ። የትኛው በእኛ፣ የትኛው በፈረንጅ እንደተጻፈ ኮምፓይለር ሊያውቅ አይችልም። ለነሱ ሦስተኛ ዓይነት አወጣን፤ «ያልተረጋገጠ ቀን»። ዕድሜ የሚያሰላው ኮድ ይህን ዓይነት በጭራሽ አይቀበልም። የካርድ ክፍሏ እህታችን «በእኛ ነው በፈረንጅ?» ብላ እናትየዋን ጠይቃ እስክትሞላው ድረስ የዕድሜው ቦታ ባዶ ነው። ሰልፉን አስረዘማችሁብኝ ብላ አኩርፋናለች።