ስድስት ስልክ ቁጥሮች

ታላቅ ወንድሜ ወልድያ ላይ ለእናታችን ቤት ሲያሠራ ከአሜሪካ ሆኖ በስልክ ያዘዘው ሁሉ ተፈጽሟል ለማለት አልደፍርም። የመስኮቶቹ ቁመት አጥሯል፤ ሰፊ ይሁን የተባለው ኮሪደር ሁለት ሰው አያሳልፍም። አንዱ ትእዛዝ ግን ሳይዛነፍ ተፈጽሟል። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት፣ ከየበሩና ከየመስኮቱ አናት ተነሥቶ ሳሎን ጥግ ወደሚገኝ አንድ ትንሽ ሣጥን የሚገባ ቀጭን ሽቦ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ተዘረጋ። “አላርሙን በኋላ እልካለሁ፤ ሽቦው ግን አሁኑኑ ይቀበር” ብሎ ነበር ወንድሜ። ይህ የሆነው በ2010 ዓ.ም. ነው።

አላርሙ አልመጣም። የሽቦዎቹ ጫፎች እንደ ድመት ጢም ከየበሩ አናት ተንጠልጥለው ቀሩ። እናቴ ከዋናው በር በላይ ባለው ሽቦ ላይ የሆሣዕና ዘንባባዋን አሰረችበት። እንግዳ ምንነቱን ሲጠይቅ “የሌባ ነው” ትላለች፤ ዘንባባውን ይሁን ሽቦውን ለይታ ተናግራ አታውቅም።

ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ በመርሳ፣ በውርጌሳና በሐይቅ አድርገን ወደ ደሴ ሸሸን። እናቴ በሩን ሦስት ጊዜ ቆልፋ ቁልፉን በመቀነቷ ቋጠረችው። ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማዋ ከተለቀቀች በኋላ ስንመለስ ቁልፉ መቀነቷ ላይ ነበረ፤ በሩ ግን ቦታው ላይ አልነበረም። ቴሌቪዥኑ፣ ፍሪጁ፣ ፍራሹ፣ የቡናው ረከቦት ሳይቀር ተወስዷል። የመብራት ማጥፊያና ማብሪያዎቹን ከግድግዳው ፈልቅቀው፣ ወፍራሙን ሽቦ ስበው አውጥተውታል። የአላርሙን ቀጭን ሽቦ ማንም አልፈለገውም። ከነዘንባባው ተንጠልጥሎ ጠበቀን።

ከሁሉ የሚከብደውን ነገር መጻፍ የነበረብኝ አሁን ነው፤ ግጥም ልጽፍበት ሞክሬ ሁለት ስንኝ ሳልዘልቅ ትቼዋለሁ። ወታደር የወሰደው ይታወቃል። በሩ ከተሰበረ በኋላ የገባውስ? አንዲት ጎረቤታችን የእናቴን የልብስ ስፌት መኪናና የእኔን ደብተሮች ከሜዳ ለቅማ በጤፍ ጆንያ ሥር ደብቃ አቆየችልን። ሌላው ጎረቤታችን ግቢ ውስጥ ደግሞ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የብረት መሰላል አየሁ። ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ። ልናገር አፌን ስከፍት እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። “ዝም በል አንተ ልጅ፤ ሰው ከነነፍሱ መገኘቱን አመስግን” አለችኝ። ዝም አልኩ። ሰላምታችን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአንገት በላይ ሆነ።

አምና ወንድሜ ገንዘብ ልኮ “በል አሁን ምረጥና አስገጥም” አለኝ። የባንክ ሠራተኛ ስለሆንኩ ስለ ጥበቃ የማውቅ ይመስለዋል። እኔ የማውቀው ከመስኮቴ በታች ያለችውን የአደጋ ጊዜ ቁልፍና ካዝናው ሁለት ሰው በየእጁ የያዘውን ይዞ ካልተገኘ እንደማይከፈት ብቻ ነው። የእሱ ምርጫ ካሜራ ነበር፤ እዚያው ሆኖ በስልኩ ግቢያችንን ሊያይ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለስንት ወራት ድምፃችን እንጂ መልካችን ይናፍቀው እንደነበር አስታወስኩት። በኢንተርኔት የሚጠብቅ ዘበኛ ኢንተርኔት የሄደ ዕለት አብሮ ይሄዳል። ሁለተኛው ምርጫ ሽቦ አልባው ነበር። ለመግጠም ቀላል ነው፤ ነገር ግን በየበሩ ያለው መሣሪያ የየራሱ ባትሪ አለው፤ እሱን እየተከታተለ የሚቀይር ትጉ ሰው ይሻል። እኔ የእጅ ሰዓቴ ባትሪ ካለቀ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ።

ስለዚህ በግድግዳው ሆድ ውስጥ የተኛውን ሽቦ መቀስቀስ ተመረጠ። በሽቦ የሚሠራ መቆጣጠሪያ ሣጥን፤ መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባለ 12 ቮልት ባትሪ፤ ሲም ካርድ የሚጎርስና ያለ ኢንተርኔት በተራ የስልክ መስመር የሚደውል። ኔትወርክ ጨርሶ የጠፋ እንደሆነ እንኳ ሳይረኑ ይጮኻል።

የገጠመልን ልጅ ሥራውን የሚወድ ነው። በሽቦዎቹ ጫፍ ላይ ምልክት ስላልተደረገ የትኛው ከየት እንደመጣ አይታወቅም ነበር። እኔን መኝታ ቤት አቁሞ ሁለቱን ጫፎች እንዳነካካ ያዘኛል፤ እሱ ሳሎን ሆኖ በመለኪያው ያዳምጣል። እንዲህ እያልን ስምንቱን ለየን። አንዱን አይጥ በልቶታል። ለበር ማግኔት ሁለት ክር ይበቃል፤ የሰውነት ሙቀት ሲንቀሳቀስ ለሚያውቀው መሣሪያ ግን አራት ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ኃይል ያደርሱለታል፣ ሁለቱ ወሬ ያመጣሉ። በበሩና በመቃኑ ላይ ያሉት ሁለቱ ቁራጮች ጎን ለጎን እስካሉ ድረስ መስመሩ የተያያዘ ነው፤ በሩ ሲከፈት መስመሩ ይቋረጣል፤ ያኔ ይጮኻል። “ሌባው ሽቦውን ቢቆርጠውስ?” አልኩት። “መቆረጡም መቋረጥ ነው ጋሼ፤ ይጮኻል” አለኝ። ይህቺ ነገር ለብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣችም።

እናቴ በበኩሏ ቡና እያፈላች ስታዳምጥ ቆይታ “ያኔ የመጡት ይህ ቢጮህባቸው ይሸሹ ነበር?” ብላ ጠየቀችው። ልጁ አንገቱን ደፋ። ክላሽ ለያዘ ሰው አላርም ሙዚቃ ነው። ይህ ዕቃ ለደግ ጊዜ ሌባ የተሠራ ነው፤ ደግ ጊዜ ይመጣል ብሎ ያመነ ሰው የሚገዛው።

አንድ የማልደብቃችሁ ክፉ ልማድ አለኝ፤ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ታሪኩን አነባለሁ። ማሪ ቫን ብሪታን ብራውን የተባለች የኒው ዮርክ ነርስ፣ ሥራዋ ሰዓት ስለማይለይና በሠፈሯ ፖሊስ ሲጠሩት ስለሚዘገይ፣ ከባሏ ጋር ሆና በበር ቀዳዳ ውጭውን የሚያይ ካሜራና የድረሱልኝ ቁልፍ ያለው የቤት መጠበቂያ ፈለሰፈች፤ የፈጠራ መብቷም እ.ኤ.አ. በ1969 ተመዘገበ። የእኛዎቹ አባቶችም ቢሆኑ ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። ሌባ ሻይ ነበረ፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ ወገቡን በገመድ ታስሮ እየተንገዳገደ ይሄድና የወደቀበት ቤት ባለቤት ዕዳ ከፋይ ይሆናል። (ድመት ባለፈች ቁጥር የሚጮኸው አላርም ከዚህ ልጅ ብዙ አይሻልም።) አውጫጭኝም ነበረ፤ አገሬው በሙሉ ተሰብስቦ ጥፋተኛው ሳይወጣ አይበተንም፤ የሚያውቀውን ሰው ደግሞ “ወፍ ነገረችኝ” ብሎ ይናገራል። ስለ መሰላሉ ለእኔ የነገረችኝ ወፍ ዓይኔ ነበረች።

ሁሉም ተገጥሞ ሲያልቅ ልጁ ሣጥኑን ከፍቶ “ስድስት ስልክ ቁጥር ይቀበላል፤ ንገሩኝ” አለ። ያላሰብኩበት ጥያቄ ነበር። ለካ ዕቃው የሚሸጠው ጩኸቱን ብቻ ነው፤ ሰሚውን ገዢው ራሱ ያመጣል።

አንደኛው የእኔ። ሁለተኛው የወንድሜ ነው፤ እኛ ዘንድ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን እሱ ዘንድ ገና ምሽት ነው፤ ቢያንስ ነቅቶ ይጨነቃል። ሦስተኛው የፖሊስ። አራተኛው ደብተሮቼን ያተረፈችልኝ ጎረቤታችን፤ አምስተኛው ከኋላ አጥራችን የሚዋሰኑት ሸህ ናቸው፤ ጎህ ሳይቀድ ለሱብሂ ሶላት ስለሚነሱ፣ ሠፈሩ በተኛበት ሰዓት የነቃ ጆሮ የሚገኘው እሳቸው ዘንድና ለኪዳን የምትነሣው እናቴ ዘንድ ብቻ ነው።

“ስድስተኛውስ?” አለ ልጁ።

እናቴ የመሰላሉን ጎረቤት ስም ጠራች።

“እማዬ!”

“ምን እማዬ ትለኛለህ? ከሁሉ የሚቀርበው እሱ ነው። ደግሞም ቤቱ ቢቃጠል ጣራ ላይ በምን ልትወጣ ነው? መሰላሉ ያለው እሱ ዘንድ።”

ልጁ አልገባውም፤ እኔ ግን ስልኬን አውጥቼ ከአራት ዓመት በላይ ያልደወልኩበትን ቁጥር እያነበብኩ አስመዘገብኩት።

ከዚያ ሙከራ ተደረገ። ሳይረኑ ሲጮኽ የሠፈሩ ውሻ ሁሉ አበረው። የእኔ ስልክ ጠራ፤ የወንድሜም ጠርቶ ኖሮ ወዲያው ደወለ። የውጭው በር በኃይል ሲንኳኳ ከፈትኩ። በባዶ እግሩ፣ ዱላውን እንደያዘ የቆመው እሱ ነበር። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰ።

“የታል? ገብቷል?” አለ እያለከለከ።

“ሙከራ ነው ልጄ፤ ግባ፣ ቡናው ደርሷል” አለች እናቴ።

ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ዝም አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ከክፈፉ በታች የተሰቀለውን ሳይረን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

“ክረምት ሲገባ ውኃ ይገባበታል። ከላዩ ቆርቆሮ ያስፈልገዋል” አለ። ዓይኑን ከሳይረኑ ሳይነቅል ጥቂት ቆየና “መሰላል ላምጣ?” አለኝ።

“አምጣ” አልኩት።

ይዞት መጣ። ሰማያዊው ቀለም በብዙ ቦታ ተልጧል። እኔ እግሩን ያዝኩለት፤ እሱ ወጣ። እናቴ ረከቦት ከጠፋባት ጀምሮ በምትጠቀምበት የፕላስቲክ ሰርቪስ ስኒዎቹን ደርድራ አቦሉን ለእሱ ቀዳች።